ውሻ ይጾማልን?

በጎጃም ደጋ፥ በቁይና በዙሪያዋ ባለው አገር፥ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋና ወተት ከየቤቱ ይርቃል፤ ድስቱም ታጥቦ ለሽሮ ይሰናዳል። በደጅ የታሰረው ውሻም ማንም ሳይጠይቀው ከጌታው ጋራ ጾመኛ ይሆናል። የፋሲካው በግ ታርዶ አጥንት እስኪወረወርለት ድረስ 55 ቀን የሚደርሰው የእንጀራ ቍራሽና የወጥ ትርፍ ነው። በዛሬው ጊዜ ደግሞ በሩቅ አገር፥ ጾም ሳይሆን ለሚታረደው እንስሳ ማዘን አስገድዷቸው፥ ውሾቻቸውን ከእህልና ከአትክልት ብቻ በተሰናዳ ምግብ የሚቀልቡ ሰዎች አሉ። ምክንያታቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ሰው ለራሱ ኅሊና የወሰነውን ሕግ አንደበት በሌለው ፍጥረት ላይ ሊጭን ይገባዋልን?

ይገባዋል የሚሉ ሰዎች የነነዌን ታሪክ ያነሣሉ፤ በዚያች ከተማ ንጉሡ ሰውና እንስሳ አብረው እንዳይቀምሱ አዝዞ ነበርና። ዳሩ ግን ያ ትእዛዝ ጥፋት በደጅ በቆመበት ሰዓት የወጣ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም መታሰቢያውን በ3 ቀን ትፈጽመዋለች። ደግሞም ጾም የፈቃድ ሥራ ነው። መብላት ሲቻለው ስለ አምላኩ ብሎ የተወ ሰው ጾመ ይባላል፤ ውሻ ግን አጣ እንጂ አልተወም። ከእርሱም ማጣት ለጌታው የሚቈጠር ጽድቅ የለም።

ይህም ሲባል ውሻ ያለ ሥጋ ሊኖር አይችልም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የሊቃውንት ምርመራ፥ ውሻ ከተኵላ ተለይቶ ከሰው ጋራ ሲኖር የእህልን ስታርች የመፍጨት ኀይሉ እንደ በዛ አስረድቷል። (ድመት ግን እንዲህ አይደለችም፤ በእህል ብቻ ብትያዝ ዐይኗና ልቧ ይታመማል።) የብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም እንዲህ ያለውን የውሻ ምግብ ቀድሞ ይቃወም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ምግቡ የተሟላ ይሁን እንጂ ይቻላል ብሎ ተቃውሞውን ተወ።

ነገሩን የሚያከብደው ይህ «የተሟላ» የሚለው ቃል ነው። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን በእህል ውስጥ ስለማይገኝ ከሌላ መጨመር አለበት። የጾም ወጥ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ነው፤ ሁለቱም ሲበዙ የውሻን ደም ያበላሻሉ። እንግዲህ የወጡን ትርፍ ደፍቶለት ውሻዬን ቀለብሁ የሚል ሰው መርዝ እያበላው ይሆናል። ሥጋም ቢሆን ሁልጊዜ ደግነት አይደለም፤ ውሃ የቋጠረ የበግ ሳንባ ጥሬውን ቢወረወርለት ትሉ በውሻው አንጀት አድጎ ዕንቍላሉ ወደ ልጆች እጅ ይመለሳል።

ውሻ ርኩስ ነው፥ ስለ ሆዱስ ማን ይጨነቃል የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ሌሊት ጅብ ወደ በረት ሲቀርብ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው። ልቅ የሆነ ውሻ የጎደለውን ከሜዳ ይፈልጋል፤ በሰንሰለት የተያዘው ግን ጌታው ካቀረበለት በቀር ሌላ ማዕድ የለውም። ስለዚህ ያሰረው ሰው ባለ ዕዳ ነው።

በዐቢይ ጾም ለሕፃንዋ ወተት የምታፈላ እናት ጾሟን አላፈረሰችም፤ ለታሰረው ውሻ ዕንቍላል የሚቀቅልለትም እንዲሁ ነው። ዕንቍላሉ የማይገኝለት ድኻ ደግሞ ወጥ ሳይሠራ ጥቂት ምስር ወይም ባቄላ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ለብቻው ቀቅሎ ቢያስቀርለት፥ ጾሙም እስኪፈታ ድረስ ውሻው እንዳይከሳ ቢመለከተው ይቻለዋል።