የተቆጠረ ሰዓት

በአገራችን ወደ ሕክምና ትምህርት የሚያስገባው በዋናነት የፈተና ውጤት ነው። በአሜሪካ ግን አመልካቹ በሽተኞችን ያገለገለበትን ሰዓት ጭምር ይጽፋል።

ውድ አንባብያን፣ እኛ በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕሙማንን እንጠይቃለን። አምና አንድ ጓደኛችን ውጭ አገር ለማመልከት አስቦ፣ ሰዓቱ ተቆጥሮ ደብዳቤ እንዲጻፍለት ጠየቀን። «ለወረቀት ብለህ ነውን?» ብለን ገሠጽነው።

በኋላ ግን አፈርን። በፈተናው ሰሞን እኛ ወረቀት የማንሻው ሁሉ ጥናት ላይ ነበርን፤ የሄደው እርሱ ብቻ ነው። ከዱራሜ የመጡ፣ ጠያቂ ዘመድ ያልነበራቸውን እናት በከምባትኛ ሲያጫውታቸው ሰነበተ። ሰዓቱን መቁጠሩ አልቀረም፤ እርሳቸው ግን ብቻቸውን አልዋሉም። ታዲያ የእኛ ንጹሕ ልብ ለእኚያ እናት ምን ፈየደላቸው?

ስለ ደብዳቤው እስካሁን አልተስማማንም።