በእግድ ትእዛዝ ላይ ሽምግልና ይገባል ወይ?



ፍቺ ላይ ያለ ወንድም ሬስትሬይኒንግ ኦርደር ተፈርዶበት «ይግባኝ እላለሁ» ቢል መብቱ ነው። ቀነ ገደቡ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያው ከደረሰው 60 ቀን ነው። በካሊፎርኒያ ባለፉት 5 ዓመታት የቤት ውስጥ ጥቃት ፈጽሟል ብሎ ፍርድ ቤት የወሰነበት ወላጅ፣ ተቃራኒውን ካላስረዳ አሳዳጊነት አይሰጠውም። ስለዚህ ጭንቀቱ እውነት ነው።

ታዲያ የፌርፋክስ ሽማግሌዎች «ክሱን ተይለት» ብለን በሯን እናንኳኳ? ሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 35 ከሁለቱም ቤተሰብ ሸምጋይ እንዲላክ ያዛል። እርቅ ግን ያለ ፍርሃት የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎችን ይፈልጋል። ትእዛዙ በሰው በኩል መልእክት መላክንም ሊከለክል ይችላል፤ ይግባኝ ስለተጠየቀም አይነሳም። እርሷን እናስጨንቃለን፣ እርሱንም ለእስር እንዳርጋለን።

ይግባኝ ሰሚው ችሎት መዝገብ ይመረምራል እንጂ አዲስ ምስክር አይሰማም። «ጥሩ ሰው ነው» ማለታችን እዚያ አይጠቅመውም፤ ጠበቃ ማፈላለግ፣ ማረፊያ መስጠት፣ ትእዛዙን እንዲያከብር መምከር ይጠቅመዋል። ይህ ንጹሕ ነው ብሎ መፍረድ አይደለም። እርሷንም «ምን ጎደለሽ?» የሚሉ እህቶች ይኑሩ። የዚያው ሱራ ቁጥር 135 በዘመድ ላይም ቢሆን ለፍትሕ እንድንቆም ያዘናልና።

አላህ ፍትሐዊ ያድርገን።