ከጋሪው በኋላ ለፈረሱ የሚገባው

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ገበያተኛውንና ሸቀጡን ሲያመላልስ የኖረው የፈረስ ጋሪ፣ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ከተስፋፋ ወዲህ ቦታውን እየለቀቀ ነው። ጋሪ ለአስፋልት የተበጀ ባለመሆኑ፣ ፈረሱም በቁልቁለት ስለሚንሸራተት፣ መጓጓዣው መቅረቱ የሚያስቆጭ አይደለም። ሊመረመር የሚገባው፣ አገልግሎቱ ሲያበቃ ሰው ለአገልጋዩ እንስሳ ያለበት ግዴታ አብሮ ያበቃል ወይ የሚለው ነው።

በመርካቶ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከነበሩት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል፤ ኪሳራው ከባድ ቢሆንም የቆመ ብረት አይራብም፣ አይቆስልም። ከጋሪ የተፈታ ፈረስ ግን ሁለቱም ይደርስበታል። ሲያረጅ፣ ወይም ከቆዳው ሥር እያበጠ የሚፈነዳው፣ በፈንገስ የሚመጣውና በቁስል የሚተላለፈው በሽታ ሲጠናበት፣ በየመንገዱ ዳር ተለቆ መቅረቱ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የታወቀ ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት፣ ጌታውን በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ሲያረጅ እስኪሞት ሊጦር እንደሚገባው ቢያስተምርም፣ ምክንያቱ ለእንስሳ የሚጨክን ሰው ለሰውም ይጨክናል የሚል ነበር፤ ስለዚህ በእርሱ ዘንድ ግዴታው በቀጥታ ለእንስሳው ሳይሆን ለሰው ልጅ ነው። ኦሪት ከዚህ የጠለቀ ነገር ታስተምራለች፤ የሰንበትን ዕረፍት ለሰው ብቻ ሳትወስን ለበሬውና ለአህያውም ሰጥታለችና። በአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ቀዳሚት ሰንበትን፣ ማለትም ቅዳሜን፣ ከእሑድ ጋር እንድታከብር በጉባኤ ባጸናችው ቤተ ክርስቲያን አገር፣ የአምቦ ታላቅ ገበያ የሚቆመው በዚያው ቅዳሜ መሆኑና የጋሪ ፈረስ በዕረፍቱ ቀን እጅግ መድከሙ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በኦሮሞ ዘንድ ሳፉ የሚባለው፣ ፍጥረት ሁሉ ተገቢ ስፍራውንና ክብሩን እንዲያገኝ የሚያዝዘው የሥነ ምግባር ሥርዓትም ዝም ብሎ የሚያልፈው አይሆንም።

ሆኖም ዕዳውን በባለጋሪው ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይደለም፤ እርሱ የዕለት ጉርሱን ከዕለት ገቢው የሚያገኝ ሲሆን፣ የፈረሱ ድካም ግን ነጋዴውን፣ ተሳፋሪውንና ከተማውን ሁሉ ጠቅሟል። ስለዚህ ጋሪን ከዋና መንገድ የሚያወጣ የከተማ አስተዳደር፣ ለባጃጅ መስመር ሲመድብ ለፈረሶቹም የግጦሽ ስፍራና የእንስሳት ሐኪም ሊመድብ ይገባል።