የገዛሁት ዘፈን የማን ነው?

«ገዛሁ» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል። ገንዘቤን ሰጠሁ፣ ዕቃውን ተቀበልኩ፣ ከእንግዲህ የእኔ ነው። ይህ ቃል ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ይዞብኝ የመጣው ባለፈው ክረምት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከኩልፎ ወንዝ ብዙም ሳልርቅ ከዘመድ ጋር ቡና ስጠጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምወደው ድምፃዊ አዲስ አልበም ሲያወጣ በስልኬ ከፍዬ ገዛሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስልኬ ተበላሸና ሌላ ያዝኩ። ዘፈኖቹ ግን አብረውኝ አልተሻገሩም፤ ከአሮጌው ስልክ ውጭ እንዳይከፈቱ ተቆልፈው ኖሯል። የእኅቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። እሱ ያንኑ አልበም ዘፈን ከሚጭን ሱቅ በጥቂት ብር በፍላሽ አስጭኖ በቤቱ፣ በጓደኛው ባጃጅ፣ በፈለገው ስልክ ያዳምጠዋል። «አጎቴ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ስልክህን አምጣና ልጫንልህ» አለኝ። የከፈልኩት እኔ ባዶ እጄን ስቀር፣ ለሙዚቀኛው ሳንቲም ያላደረሰው ልጅ ባለዘፈን ሆነ። ታዲያ ስልኬን ልስጠው ወይስ አልስጠው?

የመግዛትን ትርጉም ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአርባ ምንጭ በላይ ተራራው ላይ የዶርዜ ሸማኔ አለ። ጋቢ የሸጠልህ ሸማኔ «ከቤትህ ውጭ አትልበሰው፣ ለልጅህም አታውርሰው» አይልህም። ቢልህ ትስቃለህ። ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ የማይሻገር ዘፈንም እንደ እውነቱ ከሆነ አልተሸጠልኝም፤ ተከራየሁት እንጂ። ኪራይ ነውር የለውም። ነውሩ ኪራይን ሽያጭ ብሎ መጥራቱ ላይ ነው።

ነገር ግን የጋቢው ምሳሌ እስከ መጨረሻው አያዘልቀንም። ጋቢዬን ለወንድሜ ባውሰው እኔን ይበርደኛል። ዘፈኔን ቀድቼ ብሰጠው ግን ከእኔ ምንም አይጎድልም፤ ለእሱም ይሞላለታል። የሚጎድልበት ሦስተኛ ሰው ነው፤ እሱም በመካከላችን ስለማይቀመጥ ፊቱን አናይም። በሰው ኪስ ቸር መሆን እንዲህ ቀላል ነው።

የአገራችን ሙዚቀኞች ይህን ጉድለት ከካሴት ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ መብቱን ሆን ብሎ በጣሰ ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ አድማጭ በሞባይሉ እየከፈለ ዘፈን የሚገዛበትን «አውታር»ን ለሕዝብ አቀረቡ። ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለየ። ሙዚቀኛው ራሱ ሱቅ ለመክፈት የተገደደው የድካሙን ዋጋ ሌላ ሰው ሲበላበት ስለኖረ ነው። ስለዚህ በቁልፉ ብናደድም ቁልፉን ያስመጣውን በደል መካድ አልችልም።

ያው አዋጅ ግን ሌላም ነገር ይላል። በአንቀጽ 9 አንድ ግለሰብ ለራሱ ጥቅም ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያባዛ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው እንደማይችል በመርህ ደረጃ ደንግጓል። ሕጉ ያመነኝን ያህል ቁልፉ አላመነኝም ማለት ነው።

የቁልፉን ነገር ዓለም አስቀድሞ ሞክሮታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2003 የሙዚቃ መደብሩን ሲከፍት የሚሸጣቸው ዘፈኖች የተቆለፉ ስለነበሩ የሌላ ኩባንያ ማጫወቻ አይከፍታቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የኩባንያው መሪ ስቲቭ ጆብስ ራሱ ቁልፉ ይቅር ብሎ ጻፈ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፦ በ2006 በኢንተርኔት የተሸጡት የተቆለፉ ዘፈኖች ከ2 ቢሊዮን ያነሱ ሲሆኑ በሲዲ ያለ ቁልፍ የተሸጡት ከ20 ቢሊዮን ይበልጡ ነበር። ሌባው የሚቀዳው ካልተቆለፈው ነው፤ ቁልፉ የሚያገኘው ከፍሎ የገባውን ብቻ። በ2009 የአፕል መደብር ዘፈኖቹን ሁሉ ያለ ቁልፍ መሸጥ ጀመረ። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ቁልፍ ካልጠበቀው ሙዚቀኛውን ማን ይጠብቀው? በጋሞ ባህል «ጎሜ» የሚባል ነገር አለ። ሰው ወግን ሲጥስ ማንም ባያየው እንኳ ጥፋቱ በራሱ፣ በቤተሰቡ ወይም በከብቱ ላይ ይመለሳል ተብሎ ይታመናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ የተቆጡ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ንብረት ለማጥፋት ሲያመሩ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። በዚያን ቀን የሰው ንብረት የዳነው በቁልፍ ሳይሆን በነውር ነው። የዘፈን ስርቆት በመካከላችን የበዛው ቁልፍ ስላነሰ አይመስለኝም፤ እንደ ነውር ስለማንቆጥረው ነው።

ስልኬን ለልጁ አልሰጠሁትም። እኔ ከፍያለሁና ለራሴ አንድ ቅጂ መያዝ በኅሊናዬ አይከብደኝም። ነገር ግን የእሱን ቅጂ ብቀበል ያደረገውን ሁሉ መረቅሁለት ማለት ነው። «መጀመሪያ አንተም ግዛ፤ ከዚያ ትጭንልኛለህ» አልኩት።

ልጁ ጥቂት አሰበና «እሺ ልግዛ፤ የእኔም ስልክ ሲበላሽስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጁን «ነውር ነው» ብዬ መገሠጽ የእኔ ድርሻ ነው፤ ግዢውን እውነተኛ ግዢ ማድረግ ግን ቁልፉን የያዙት ሰዎች ዕዳ ነው። እነሱ ድርሻቸውን እስኪወጡ ድረስ የእኔ ግሣጼ ግማሽ ብቻ ነው።