ያ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?



ደባርቅ መናኸሪያ አካባቢ የማታውቁት ሰው ቆሟል እንበል። መኪና አይጠብቅም። ወዲያ ወዲህ ያያል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ብቻውን ያወራል። ከጦርነቱ በፊት ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ዛሬ ባለሱቁ ለባጃጅ ነጂው ይጠቁማል፤ አንዱ ደግሞ ፎቶ አንስቶ «ይህን ሰው ተጠንቀቁት» ብሎ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል።

ፍርሃቱ ያለምክንያት አልመጣም። በ2013 መጨረሻ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ደግሞ እገታ መጣ። ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅን አባት «መጠርጠር ሐራም ነው» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። መጠንቀቅ ዲናችን የሚያዘው ነገር ነው።

ታዲያ ጥንቃቄ የት ያበቃል? ወንጀል የሆነው ጥርጣሬስ የት ይጀምራል?

በሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ከጥርጣሬ ብዙውን እንድንርቅ ያዘናል፤ ወንጀል ነው ያለው ግን ከፊሉን ነው። ወዲያው አስከትሎ መሰለልንና ሐሜትን ይከለክላል። መጀመሪያ ልብ፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ከዚያ ምላስ። ዑለማዎች እንደሚሉት ሽው ብሎ የሚያልፍ ሐሳብ አያስጠይቅም፤ የሚያስጠይቀው ልብ ላይ ረግቶ ወደ ንግግርና ወደ ድርጊት ሲወጣ ነው።

እኔ ልዩነቱን የማየው ዋጋውን ማን ይከፍላል ብዬ በመጠየቅ ነው። በርህን ብትዘጋ፣ እህትህን እስከ ቤት ብትሸኝ፣ ድካሙ የራስህ ነው፤ ከእንግዳው ምንም አልወሰድክም። ፎቶውን ስትለቅ ግን ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው። ምናልባትም በሕይወቱ።

ማጋነን አይደለም። በጥቅምት 2011 ምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ላይ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ሕጻናትን ሊጎዱ ነው በሚል ወሬ በሰው መንጋ ተገደሉ። በእኛው ዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አለ፤ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ ብለው ይጠይቃሉ። ለማያውቃቸው ሰው ጥያቄያቸው እንግዳ አይሆንም? ከ2014 ወዲህ ዓለምዋጭ መጠለያ ያሉት ኤርትራውያን ስደተኞችስ? አነጋገሩ የተለየ፣ መንገዱ የጠፋበት፣ ሰው የሚፈራ ወጣት፦ ከሩቅ ሲታይ «አጠራጣሪ» ከምንለው በምን ይለያል? ብቻውን የሚያወራውም በሽተኛ ሊሆን ይችላል። ወይም ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ አለ።

በሌላ በኩል የሶፊያን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታውሱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሌሊት ባለቤታቸውን ሊሸኙ ሲወጡ ሁለት አንሷሮች አዩአቸውና ፈጠን ብለው ሊያልፉ ሲሉ አስቁመው ሴትዮዋ ሶፊያ መሆኗን ነገሯቸው። ሰዎቹ ደነገጡ፤ እሳቸው ግን ሸይጧን በሰው ውስጥ እንደ ደም እንደሚዘዋወር ገለጹላቸው። እንግዲህ የአላህ መልእክተኛ እንኳ ጥርጣሬን በራሳቸው አንደበት ካስወገዱ፣ በሰው ሰፈር ፎቶ የምታነሳ፣ በማታ የሰው ግቢ ጥግ ቆመህ ስልክ የምታወራ ወንድሜ፣ «ምን አገባቸው» አትበል። እከሌን እየጠበቅኩ ነው ብትል ምን ይጎድልብሃል?

የአካባቢያችን ሽማግሌዎች ለዚህ ዘዴ ነበራቸው። መንገደኛ ሲመሽበት ደጃፍ ቆሞ ይጣራል፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን «የእግዜር እንግዳ» ይሉታል። ከየት እንደመጣና የማን ልጅ እንደሆነ ፊት ለፊት ይጠየቃል፣ ይበላል፣ ያድራል። በመስኮት አጮልቆ ማየት አልነበረም። ዛሬ ከሩቅ ቀርጸን ለሺዎች እናሰራጫለን፤ አጠገቡ ሄዶ «ወንድሜ፣ ምን ልርዳህ?» የሚል ግን አይገኝም።

ጠይቀኸው አሁንም ካልተዋጠልህ ለሰፈር ሽማግሌ ወይም ለፖሊስ ንገር። የዚያው ሱራ 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣ አጣሩ የሚለው ሳናውቅ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት ነው፤ የተለቀቀ ፎቶ ደግሞ ብታጠፋውም ከሰው ስልክ አይጠፋም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለምናውቀውም ለማናውቀውም ሰላምታ እንድንሰጥ አስተምረውናል። ዛሬ ከሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ አይታችሁት የማታውቁት ሰው ካለ ሰላምታውን እናንተ ጀምሩ። ምሳ በልቶ እንደሆነም ጠይቁት።

ጁሙዓ ሙባረክ።