የራስን እጅ ስለ ማግኘት

ልጆቼ፥ ሰው በሥራው የራሱ የሆነ አኳኋን እንዲኖረው መሻቱ ትዕቢት ነውን? ወይስ የተሰጠውን መክሊት ማትረፍ ነው? ይህን ጥያቄ የማነሣው በመጽሐፍ ስላገኘሁት ሳይሆን አንዲት ተማሪዬን ስለ በደልሁ ነው።

በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስፌት ስማር፥ መምህራችን ናሙና ከፊታችን ዘርግታ «ይህንኑ ሥሩ» ትለን ነበር። ከናሙናው የወጣ ሁሉ ይተረተራል። በዚህም እጃችን ተገራ፥ ስፌታችንም ቀና፤ ስለዚህ አልነቅፋትም። እኔም በተራዬ መምህርት ሆኜ ልጃገረዶችን የእጅ ሥራ ሳስተምር በዚያው መንገድ ሄድሁ።

አንድ ጊዜ ለትራስ ልብስ የሚሆን ጥልፍ አዘዝሁ፤ ናሙናው ጽጌረዳ ነበረ። አንዲት ልጅ ግን ጽጌረዳውን ትታ፥ ከእናትዋ አሮጌ ቀሚስና ከወንድምዋ ሱሪ ጨርቅ እየቆረጠች በላዩ በመስፋት፥ ቤታቸውን፥ ላማቸውንና ውሃ የምትቀዳበትን ወንዝ ሥላ መጣች። ላሚቱ ከቤቱ ትበልጥ ነበር። እኔም በጓደኞችዋ ፊት «ይህ ድሪቶ ነው» ብዬ አስተረተርኋት። በሳምንቱ እንከን የሌለበት ጽጌረዳ ጠልፋ አመጣች፤ ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ ግን እንደ ላሚቱ ያለ ነገር ስትሠራ አላየሁም።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ የሃሪየት ፓወርስን ሥራ በፎቶግራፍ አየሁ። ይህች ሴት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1837 ዓመት፥ በአሜሪካ በጆርጂያ፥ ባሪያ ሆና ተወለደች። በእንግሊዝኛ ኩዊልት የሚባለው፥ በሁለት ጨርቅ መካከል ጥጥ ተደርጎ በስፌት የሚያያዝ ብርድ ልብስ ነው። እርስዋም ነጻ ከወጣች በኋላ፥ የሰውንና የእንስሳትን መልክ ከጨርቅ እየቆረጠች በላዩ ሰፍታ፥ ከአዳምና ከሔዋን ጀምሮ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በ11 ክፍል አሳየችበት። በ1886 ዓመት በዚያው በጆርጂያ፥ አቴንስ በምትባል ከተማ፥ ለትርኢት ቀርቦ ሳለ አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛው ብትለምናት አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ችግር ቢጸናባት 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ዶላር ሰጠቻት። ከሸጠችውም በኋላ ሥራዋን ለማየት ደጋግማ ወደ ገዢዋ ትሄድ ነበር። ኋላ በሠራችው በሌላው ኩዊልት ላይ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ጋር፥ ከመወለድዋ 4 ዓመት አስቀድሞ በ1833 ከዋክብት እንደ ዝናም የወረዱበትን ሌሊት ጨመረች። ዛሬ የፊተኛው በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን፥ የኋለኛው በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ፎቶግራፉን ባየሁ ጊዜ የተማሪዬ ላም ትዝ አለችኝ።

ልብ በሉ፤ ሃሪየት ፓወርስ መርፌንም ስፌትንም አልፈጠረችም፤ የአዳምና የሔዋንም ታሪክ የሁሉ ነው። የራስዋ የሆነው፥ የቱን እንደምታስበልጥ፥ የቱንም ከየቱ አጠገብ እንደምታኖር መምረጥዋ ነው። ይህንንም ያደረገችው ከሰው ልለይ ብላ አይመስለኝም፤ የምትናገረው ነገር ስለ ነበራት ነው። ልለይ ብቻ ብሎ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ከሌላው ሥራ ላይ ስለማይነሣ፥ እርሱም ሳያውቀው የናሙና ባሪያ ነው።

ጠማማ ስፌት ቢተረተር ተገቢ ነው። የዚያች ልጅ ስፌት ግን ቀጥ ያለ ነበር፤ እኔ ያስተረተርሁት ምርጫዋን ነው። ላሚቱ ከቤቱ የበለጠችው ልጅቱ መጠን ስለማታውቅ ይሆን? ወይስ ቤቱን የምታኖረው ላሚቱ ስለ ሆነች? ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ልጆቼ፥ አስቀድማችሁ እጃችሁን ለናሙና አስገዙ፤ ያልተገራ እጅ ልብ ያሰበውን ሊሠራ አይችልምና። ከተገራ በኋላ ግን በቤታችሁ ያለውን ቁራጭ አትናቁ። ከእናንተም መምህር የሚሆን ቢኖር፥ መቀስ ከማንሣቱ በፊት «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እኔም ቁራጭ ጨርቅ እየሰበሰብሁ ማታ ማታ እሰፋለሁ። የልጅነቴን ግቢ ልሠራ እጀምርና፥ እጄ ሳላውቀው ወደ ጽጌረዳው ይሄድብኛል። ያን ጊዜ ተርትሬ እንደ ገና እጀምራለሁ።