ስለ ሲኒማ ቤት ናፍቆት

በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው ሮክሲ ሲኒማ ቤት ስድስት ሺህ ለሚጠጋ ተመልካች መቀመጫ ነበረው፤ «የተንቀሳቃሽ ሥዕል ካቴድራል» ይሉት ነበር። የአዲስ አበባ ሰው በበኩሉ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። አንዱ በአክብሮት፥ ሌላው በፍርሃት፥ ከሥዕሉ በላይ የሆነ ኃይል በጨለማው ውስጥ እንዳለ የተሰማው ይመስለናል።

ሮክሲ እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. ሲፈርስ፥ በመክፈቻው ዕለት ፊልሟ የታየላት ግሎሪያ ስዋንሰን በፍርስራሹ መካከል ቆማ ፎቶግራፍ ተነሣች። የሚናፈቀው ምንድን ነው? ወርቅ ቅቡ ነውን? ወርቅ ቅብስ ዛሬም ይሠራል። እኛን የሚቆጨን፥ የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች ባንድ ትንፋሽ መሳቃቸው መቅረቱ ነው፤ ዛሬ ሥዕሉን በመዳፋችን ይዘን ለየብቻችን እንስቃለን። እርግጥ ነው፥ ናፍቆት ያዳላል፤ ያኔም ቢሆን ጥሩው ወንበር ጥሩ ለከፈለ ነበር። ነገር ግን መብራቱ ከጠፋ በኋላ የጎረቤት ልብስ አይታይም ነበር፤ ሳቁ ብቻ ይሰማ ነበር።